መጽሔቱ ልጄ ቦርሳ ሳይሆን ቤተ መጻሕፍቱ ይግባ

ግልጽ ደብዳቤ

ለልጄ ትምህርት ቤት አስተዳደር፣ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት፣ እንዲሁም ተመሳሳይ ወረቀት በልጆቻቸው ቦርሳ ለሚመጣላቸው ወላጆች በሙሉ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

የትምህርት ቤቱን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሁለት ባልደረቦቼ ተመሳሳይ ወረቀት ደርሷቸዋል። ደግሞም ልጄ ነገ ጠዋት እዚያው ግቢ ትገባለች። አባት ነኝ፣ ፈሪ ብትሉኝም አልቀየማችሁም።

ባለፈው ሳምንት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። ማኅተም አለው። እያንዳንዱ ተማሪ የአንድ ወርሃዊ የወቅታዊ ጉዳዮች መጽሔት ደንበኛ እንዲሆን መወሰኑን ይናገራል። መጽሔቱ በእንግሊዝኛ የሚታተም ነው። ክፍያው ለአንድ ሴሚስተር 1,000 ብር። ምክንያቱም ተዘርዝሯል፤ ጠቅላላ ዕውቀት ያሳድጋል፣ እንግሊዝኛ ያሻሽላል፣ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያዘጋጃል። ከታች በትንንሽ ፊደል ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ያልከፈለ ተማሪ የሴሚስተሩን ካርድ አይወስድም።

እውነቱን ልናገር፣ ወረቀቱን ማንበብ ስጀምር ደስ ብሎኝ ነበር። ልጆቹ ሊያነቡ ነው ብዬ። ካርዱ ጋ ስደርስ ግን ደስታዬ ውኃ ቸለሱበት።

ነገር ሳላንዛዛ ሐሳቤን ላስቀድም። ተማሪ ስለ ወቅቱ የሚጽፍ መጽሔት ማንበብ አለበት። ደንበኛ መሆን ያለበት ግን ትምህርት ቤቱ ነው። አሥር ቅጂ ግዙ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አስቀምጡ፣ ልጆቹ ይሻሙበት። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

እኔ ማንበብ የለመድኩት ከግድግዳ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ አያቴ ቤት፣ የጭቃው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ጋዜጣ ተለጥፎበት ነበር። አብዛኛው አዲስ ዘመን ነው። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስለዚህ አንዳንዱን ገጽ ዘቅዝቃ ነው የለጠፈችው። አልጋው ላይ ተንጋልዬ ራሴን ወደ ታች አንጠልጥዬ አነብ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ የእርሻ ዘመቻ፣ የኳስ ውጤት፣ የጠፋ ማኅተም ማስታወቂያ። ልብ የሚሰቅል ታሪክ ላይ ስደርስ ታዲያ መጨረሻው ላይ «ወደ ገጽ 6 ዞሯል» ይላል። ገጽ 6 ደግሞ በጀርባው ነው። ከጭቃው ጋር ተጣብቋል። እስከ ዛሬ መጨረሻቸውን የማላውቃቸው ወሬዎች አሉ።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ስድስት ኪሎ ነው፣ በ1994። ጋዜጣ መግዣ ገንዘብ የነበረው ተማሪ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ እንወርዳለን። ያን ጊዜ አራት ኪሎ የነበረ ሰው ጋዜጣ አከራዮቹን ያስታውሳል። መንገድ ዳር ጋዜጣና መጽሔት ዘርግተው ይቀመጣሉ። ሃምሳ ሳንቲም ትሰጣለህ፣ ድንጋይ ወይ ካርቶን ላይ ቁጭ ብለህ ታነባለህ፣ ትመልሳለህ። ረቡዕና እሑድ ሪፖርተር፣ ቅዳሜ አዲስ አድማስ። ያረጁ የጦቢያና የኢፎይታ እትሞችም አይጠፉም ነበር፤ እነሱ ረከስ ይላሉ።

እኛ ሦስት ሆነን አንድ ነው የምንከራየው። አከራዩ ያየናል። «ለአንድ ሰው ነው ያከራየሁት፤ አንገትህን ሰብስብ!» ይላል። አንገታችንን እንሰበስብና ዘወር ሲል መልሰን እናሰግጋለን። አጠገባችን ሥራ ፈላጊው የማስታወቂያውን ገጽ ይዞ ቁጥር ይገለብጣል። ወዲያ ማዶ አንድ ጡረተኛ ነበሩ፣ ሁልጊዜ ኮት የሚለብሱ። ርዕሰ አንቀጹን አንብበው ሲጨርሱ ወደ እኛ ዞር ይሉና «ይሄን ማን ነገረው? የት ሆኖ አየው?» ይሉናል። እኛን እየጠየቁ መሆናቸውን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብናል። መጀመሪያ ላይ ከራሳቸው ጋር የሚያወሩ መስሎን ነበር።

የ1997ቱ ምርጫ ሲመጣ ያ መንገድ ዳር ሌላ ክፍል ሆነ። አንዱ ያነበበውን ሌላው ይሞግታል። ሁለት ጋዜጦች የአንዱን ሰልፍ ሕዝብ ብዛት በተለያየ ቁጥር ይጽፉታል። እኛ ጎን ለጎን አድርገን እናስተያያለን። አስተማሪ አልነበረንም። ጎን ለጎን ማድረግ የቻልነው ግን ሁለቱም እዚያው ስለነበሩ ነው። አንዱን ብቻ ቤቱ ይዞ የገባ ሰው ምኑን ከምኑ ያስተያያል?

እንግዲህ ይህን ይዤ ነው ወረቀታችሁን ያነበብኩት።

ሙያዬ ሂሳብ ነውና መጀመሪያ ካልኩሌተር ነው ያነሣሁት። ልጄ ክፍል ውስጥ 42 ተማሪ አለ። በ1,000 ብር ሲባዛ 42,000 ብር። የ11ኛ ክፍል ሴክሽኖች አራት ናቸው። ሌሎቹም ተቀራራቢ ቁጥር ካላቸው 168,000 ብር ይሆናል፣ ያውም በአንድ ሴሚስተር፣ ለአንድ የክፍል ደረጃ ብቻ። በዚህ ገንዘብ ምን ይገዛል? አንድ ዓይነት መጽሔት፣ በ168 ቅጂ። አሥር ቅጂ ለአራቱም ሴክሽን ቢገዛ 10,000 ብር ነው። የቀረው 158,000 ብር ሌላ መጽሔት፣ የአማርኛ ጋዜጦች፣ መዝገበ ቃላት፣ የዓለም ካርታ ይገዛል። ወይም ደግሞ አይሰበሰብም። እኔ በበኩሌ አለመሰብሰቡን እመርጣለሁ፤ ወላጅ የቤት ኪራይ አለበት።

«ልጁ የራሱ ሲሆን ነው የሚያነበው» ትሉ ይሆናል። የእህቴን ልጅ ላስተዋውቃችሁ። ሌላ ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፤ አምና እንዲህ ያለ ደንበኝነት ነበረበት። ክረምት ላይ ቤታቸው ሄጄ አልጋው ሥር ሰባት መጽሔት አገኘሁ። አራቱ ላስቲካቸው አልተቀደደም። ሦስቱ ተከፍተዋል። ምን ሊያደርግባቸው ከፈታቸው? ደብተር ሊሸፍንባቸው። ወረቀቱ ወፈር ያለና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ለደብተር አንደኛ ነው። የአንድ የውጭ አገር መሪ ግማሽ ፊት ፊዚክስ ደብተሩ ላይ ነበር፣ ግማሹ ባዮሎጂው ላይ። ልጁን አልወቅሰውም። ጎበዝ አንባቢ ነው። ግን መጽሔቱ የትም አይሄድም፤ ነገም አለ፣ ከነገ ወዲያም አለ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ስላለው የሚዋሰው የለም፣ «ጨርስልኝ» የሚለው የለም፣ «ገጽ 14 ላይ ያለውን አየህ?» የሚለው የለም። የአራት ኪሎው አከራይ ግን በሩብ ሰዓቱ «አልጨረስክም?» ይልህ ነበር። በዚያ ምክንያት እንጨርስ ነበር።

አንድን ቅጂ ተቀባብሎ ማንበብ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። በምኒልክ ዘመን የወጣው የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» ሲጀምር በእጅ እየተገለበጠ በ24 ቅጂ ነበር የሚሰራጨው። ሃያ አራት! ያንን ጋዜጣ የሚያዘጋጀው ካቫድያስ የሚባል የግሪክ ነጋዴ ነበር። አንድ ቅጂ ስንት እጅ እንደሚያልፍ መገመት አያቅትም።

አሁን ወደ ፈተናው ልምጣ፤ ወላጅ የሚሸነፈው እዚያ ላይ ስለሆነ።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። እነዚህ ቁጥሮች ቤታችን ውስጥ ያሉ ያህል እናውቃቸዋለን። ከዚያ ወዲህ «ለፈተና ይጠቅማል» የተባለ ነገር ሁሉ ይሸጣል። ወረቀታችሁም በዚህ በር ነው የገባው።

ዩኒቨርሲቲ እያለን አንድ ህንዳዊ መምህር ነበሩን። በአገራቸው ለመንግሥት ሠራተኝነት የሚሰጠው ትልቁ ፈተና ወቅታዊ ጉዳዮችን ስለሚጠይቅ፣ ወጣቶች በየወሩ ለዚያ ተብሎ የሚታተም መጽሔት እየገዙ እንደሚሸመድዱ ይነግሩን ነበር። የትኛው አገር ከየትኛው ጋር ተፈራረመ፣ ማን ምን ሽልማት አገኘ። እዚያ መጽሔቱና ፈተናው ተያይዘዋል። አንድ ህንዳዊ አባት ለልጁ ቢገዛለት አልስቅበትም። የእኛ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግን የሚወጣው ከመማሪያ መጻሕፍቱ ነው። የካቢኔ ሹመት አይጠይቅም። የእንግሊዝኛው ፈተና ረዥም ምንባብ አለው፤ ረዥም ጽሑፍ ማንበብ የለመደ ልጅ እዚያ ላይ እስትንፋሱ አይቆረጥም። ይህን አምናለሁ። ይህ ልምድ ግን ካርድ ተይዞበት በተገዛ መጽሔት አይመጣም። «ለፈተና ያዘጋጃል» የሚለውን መስመር ብትሰርዙት ደስ ይለኛል። ትክክል አይደለም፣ ያስፈራልም።

ሌላው ነገር፣ አንድ መጽሔት ብቻ መሆኑ ነው። እኔን ከገንዘቡ በላይ ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

ዘ ኢኮኖሚስት የሚባለውን የለንደን ሳምንታዊ ታውቁታላችሁ። ከ1843 ጀምሮ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሲታተም የኖረ የተከበረ መጽሔት ነው። በግንቦት 1992 ዓ.ም. ሽፋኑ ላይ አፍሪካን «ተስፋ የሌለው አህጉር» አላት። በኅዳር 2004 ያው መጽሔት በአፍሪካ ቅርጽ የተሠራ ካይት የሚያበር ሰው አወጣና «አፍሪካ እየተነሣች ነው» አለ። አሥራ አንድ ዓመት ተኩል በመካከላቸው አለ። የመጀመሪያውን ብቻ ያነበበ ተማሪ ጓዙን ጠቅልሎ መሰደድ ያምረዋል። ሁለተኛውን ብቻ ያነበበ ደግሞ ነገ ሀብታም የሚሆን ይመስለዋል። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ልጅ ግን «ምን ተለወጠ? አህጉሩ ነው ወይስ ጸሐፊው?» ብሎ ይጠይቃል። ጡረተኛው ሰውዬ ይሄኔ ኮታቸውን አስተካክለው ፈገግ ይሉ ነበር።

ሌላም ልጨምር። ታይም የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አፄ ኃይለ ሥላሴን የዓመቱ ሰው ብሎ ሽፋኑ ላይ ያወጣቸው በታኅሣሥ 1928 ነበር። ጣሊያን ወረራውን ጀምሮ ዓለም ሁሉ ስለ እኛ የሚያወራበት ጊዜ ነው። አራት ወር ሳይሞላ ጃንሆይ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ጣሊያንም አዲስ አበባ ገባ። መጽሔት የሳምንቱን ያያል፤ ቀጣዩን አያይም። ጥፋቱ አይደለም፣ ሥራው ነው። ለዚህ ነው አሮጌ እትም ከአዲሱ እኩል የሚያስፈልገው። ያንን የሚያስቀምጥ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ነው። አልጋ ሥር ያለ መጽሔት ክረምት ሲመጣ ደብተር ይሸፍናል ወይ ለቆሎ ሻጭ ይሄዳል።

ይህን ከልጄ ጋር ሞክሬዋለሁ። ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ስለ ሕዳሴ ግድብ ጠየቅኳት። ምርቃቱን ታውቃለች፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ቪዲዮውን ስልኳ ላይ ስንት ጊዜ እንዳየችው እኔም አውቃለሁ። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ነው፤ ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር። በመካከል ስላለው ስጠይቃት ዝም አለች። በመጋቢት 2007 ካርቱም ላይ ሦስቱ አገሮች የተፈራረሙት የመርሆዎች ስምምነት፣ በሐምሌ 2012 የተጀመረው የመጀመሪያው ሙሌት፣ በየካቲት 2014 ኤሌክትሪክ ማመንጨት የጀመረው ተርባይን። «ይሄ ሁሉ ነበር እንዴ አባዬ?» አለችኝ። ነበር። እሷም በየጊዜው ሰምታዋለች። ግን በየሰዓቱ በቴሌግራም እየመጣ፣ ከዘፈኑና ከቀልዱ ጋር ተቀላቅሎ፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ አለፈ።

ከሳጥኔ አንድ የቆየ መጽሔት አወጣሁላት። የግድቡ አቅም 6,000 ሜጋ ዋት ነው ይላል። ስልኳን ከፈተችና 5,150 አገኘች። «የቱ ነው ትክክሉ?» አለች። «የታተመበትን ቀን እዪ» አልኳት። ዕቅዱ በየጊዜው ተከልሷል። ከዚያ ለምን እንደተከለሰ ስትፈልግ አመሸች። እኔ የማላውቀውን ስለ ተርባይኖቹ ቁጥር እየነገረችኝ እራት ቀረበ። እናቷ «ነገ ፈተና የለሽም?» ስትል ነው የተነሣችው። ሁለት ወረቀት የማይስማማበት ቦታ ላይ ልጁ ራሱ ይነሣል። ስለዚህ አንድ መጽሔት ብቻ አትስጧቸው። የማይስማሙ ሁለት ስጧቸው። አንዱ በአማርኛ ቢሆን ደግሞ የት አባቱ! ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ እየተማሩ፣ «የዋጋ ግሽበት» የሚለውን ቃል በአማርኛ ለማስረዳት የሚቸገሩ ልጆች አሉን። ልጄ አንዷ ናት።

የደንበኝነት ነገር ራሱ ደግሞ በአገራችን ጠባዩ ሌላ ነው። ለልጆቹ «ሰብስክራይብ» ማለት ደወሉን መጫን ነው፣ በነፃ። የእኛ ትውልድም ቢሆን ብዙ አልለመደውም። ቤታችን ድረስ ፖስታ የሚያመጣ ሰው የለም፤ ያለው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ስለዚህ መጽሔት የምንገዛው ከአዟሪ እጅ፣ ሽፋኑን አይተን፣ «ዛሬ ምን ይላል?» ብለን ነው። ካልጣመን አንገዛም። ሚኒባሱ መስኮት ላይ አዟሪው የሚያሳየን ሽፋን ብዙ ጊዜ ከውስጡ ይበልጥ ነበር፤ ያም ሆኖ ምርጫው የእኛ ነው።

አስቀድሞ መክፈል ሌላም ሥጋት አለው። የመጽሔቶቻችን ዕድሜ አጭር ነው። ከ1985ቱ የፕሬስ ሕግ በኋላ ስንቱ ወጥቶ ስንቱ እንደጠፋ ቁጠሩ። አዲስ ነገር ጋዜጣ በ2002 ተዘጋ። በ2006 ክረምት አዲስ ጉዳይ፣ ፋክት፣ ሎሚ፣ እንቁና ጃኖ መጽሔቶች ከአፍሮ ታይምስ ጋዜጣ ጋር ተከሰሱ፤ አንባቢዎቻቸው ቅዳሜ ቅዳሜ አዟሪውን «መጣ?» እያልን ቆይተን ተውነው። የፖለቲካውን ክርክር እዚህ አላነሣም። ወረቀትም ከውጭ ነው የሚገባው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ፤ ማተሚያ ቤት ደጅ የቆመ አሳታሚ ምን እንደተሰማው መገመት ይቻላል። እና መጽሔቱ በሦስተኛው ወር ቢቀር የ42 ልጅ ገንዘብ ማን ይመልሳል? ወረቀታችሁ ስለዚህ አንድ ቃል የለውም። ትምህርት ቤቱ በራሱ ስም ደንበኛ ቢሆን ግን ከአሳታሚው ጋር የሚነጋገረው አንድ አካል ነው፤ ኪሳራውም የአሥር ቅጂ ነው።

«ዛሬ ሁሉም ስልክ ላይ አለ፣ መጽሔት ምን ያደርጋል?» የሚል ወላጅ እንዳለ አውቃለሁ። በኅብረቱ ስብሰባ ላይም ይነሣል። መልሴ አጭር ነው። ስልክ አያልቅም። መጽሔት ያልቃል። ልጄ የመጨረሻውን ገጽ ስትገለብጥ ትዘጋውና መስኮት ታያለች። ያቺ መስኮት የምታይባት ደቂቃ ለእኔ ከመጽሔቱ ትበልጥብኛለች። ስልኩን እንከልክል አላልኩም፤ እኔ ራሴ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አራት ጊዜ ከፍቼዋለሁ።

እና ምን ይደረግ ነው የምለው? ብዙ አይደለም። ቤተ መጻሕፍቱ በምሳ ሰዓት ይከፈት። አሁን ልጆቹ ነፃ በሚሆኑባት በዚያች ሰዓት ነው የሚቆለፈው፤ ኃላፊዋም ሰው ናቸው ምሳ ይበላሉ፣ ግን ተረኛ ይመደብ። መጽሔቶቹና ጋዜጦቹ በራፉ አጠገብ ይቀመጡ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አይቆለፉ። ይበላሻሉ? ይበላሹ። አንብቦ የተቀዳደደ መጽሔት ላስቲኩ ካልተቀደደው ይሻለኛል። ወሩ ሲያልፍ አይጣሉ፤ በዓመት በዓመት ተሰፍተው ይደርደሩ። አንድ ቀን የታሪክ መምህሩ ልጆቹን ይዘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር ቢሄዱ ደግሞ፣ ከእነሱ አያቶች ዘመን ጀምሮ የታተሙ ጋዜጦችን ያያሉ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አለ፣ ከፓርላማው ፊት ለፊት፣ ክፍያ የለውም፤ ቅዳሜ ጓደኛሞች ተጠራርተው መሄድ ይችላሉ።

ሚኒ ሚዲያውንም አትርሱ። ልጆቹ ጠዋት ሰልፍ ላይ በማይክ የሚያነቡት ከኢንተርኔት የተቀዳ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ጽሑፍ አስተያይተው፣ የት ላይ እንደተለያዩ ይናገሩ። ከዚያ አንድ ቀን ራሳቸው ይጽፋሉ። ተማሪ ጽፎ አያውቅም እንዴ? የዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ በኅዳር 1962 የታተመው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኅብረት መጽሔት ላይ ነው። ወደዱትም ጠሉትም፣ አገሩ ከሃምሳ ዓመት በላይ በእሱ ሲከራከር ኖሯል። ደንበኝነት ተጭኖባቸው የተጻፈ አልነበረም። (ይህን ሳነሣ አንዳንድ ወላጅ ቅር እንደሚለው ይገባኛል። ልጆቹ ፖለቲካ ውስጥ ይግቡ ማለቴ አይደለም። ግን ወቅታዊ ጉዳይ ይነበብ እያልን ፖለቲካ አይነሣ ማለት አንችልም።)

ካርዱን በተመለከተ ግን ለድርድር አልቀርብም። ክፍላቸው ውስጥ እናቷ እንጀራ ጋግራ ሸጣ የምታስተምራት ልጅ አለች። ልጄ ነግራኛለች፣ ስሟን ግን አልነገረችኝም፤ ጥሩ ጓደኛ ናት። ያቺ ልጅ 1,000 ብር ባለመክፈሏ ካርዷን ሳትይዝ ብትሄድ ስለ ወቅቱ የምትማረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን መስመር ዛሬውኑ አንሡት፤ የቀረውን በስብሰባው እንነጋገራለን።

በእኔ በኩል የ1,000 ብሩን ደረሰኝ አላስቆርጥም። በምትኩ ቤቴ ያለውን ሳጥን አመጣለሁ። ከ1994 ጀምሮ ያጠራቀምኳቸው መጽሔቶችና ጋዜጦች ናቸው። አንዳንዶቹ ከእነዚያ ከአራት ኪሎ አከራዮች የገዛኋቸው ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ የብዙ ሰው ጣት አለ። ሁለቱ ላይ ቡና ፈስሷል። አንዱ ገጽ 6 የለውም፤ ማን እንደቀደደው አላውቅም። ባለቤቴ ከአልጋ ሥር ከወጡላት ለትምህርት ቤቱ ራሷ የትራንስፖርት እከፍላለሁ ብላለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይዤ እመጣለሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ማን ጋ እንደሚሆን ብቻ አስቀድማችሁ አሳውቁኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አባት